ዱባው ከጠረጴዛው ስለሚነሳበት ሁኔታ የተደረገ ስብሰባ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 14 ቀን 2019
ቦታ፦ ኩዊንስላንድ፣ ብሩካላ፣ የከተማው አዳራሽ የኋላ ክፍል
የተጀመረበት ሰዓት፦ ከቀኑ 8፡10

የተገኙ፦ አቶ ክላይቭ ታነር (ሰብሳቢ)፣ ወ/ሮ ቤሪል ስቶት፣ ወ/ሪት ሜሌ ፊፊታ፣ አቶ ኖርም ሃሊጋን፣ ወ/ሮ ጁን ኮክስ (ጸሐፊ)።

የሥዕል ማኅበራችን ምልዓተ ጉባኤ የሚሟላው በአምስት ሰው ነው። አቶ ኖርም የመጡት ለስብሰባ ሳይሆን ለሥዕል ያዋሱትን ዱባ ሊወስዱ መሆኑን አስረድተዋል። ሰብሳቢው፣ አባል የሆነ ሰው በሩን ካለፈ እንደተገኘ ይቆጠራል በማለት አስቀምጠዋቸዋል።

አጀንዳ 1፦ ያለፈው ዓመት የዳኛ አስተያየት
የግብርና ትርዒቱ የሥዕል ዳኛ ስለ ሥራዎቻችን “ፍሬዎቹ መኪና የሄደባቸው ይመስላሉ” ብለው የጻፉት ተነበበ። ወ/ሪት ሜሌ፣ አንድ ነገር ድቡልቡል ሆኖ የሚታየው በዙሪያው መስመር ሳይሆን ከብርሃን ወደ ጥላ ቀስ በቀስ ሲጠቁር መሆኑን አስረዱ። ሰብሳቢው ጥቁር እርሳስ የአዳራሹን የጠረጴዛ ልብስ እንደሚያቆሽሽ አሳሰቡ። ከረጅም ውይይት በኋላ ዕቃዎች ሁሉ ድቡልቡል ሆነው እንዲሳሉ፣ ሆኖም ማንም ከመካከለኛ ግራጫ በላይ እንዳያጠቁር ተወሰነ። ወ/ሮ ቤሪል በዚህ ጊዜ የዱባውን ሥዕል እያጠቆሩ ስለነበር ድምፅ አልሰጡም።

አጀንዳ 2፦ ጥላው
ፀሐይ በሄደች ቁጥር የዱባው ጥላ ስለሚዞር፣ ሰብሳቢው ጥላው በ8፡10 ከነበረበት እንዳይነቃነቅ ሐሳብ አቀረቡ። በሁለት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ጸደቀ። አቶ ኖርም ሰዓታቸውን፣ ወ/ሮ ቤሪል ወረቀታቸውን እያዩ ስለነበር አልተቆጠሩም። በ8፡45 ሲጣራ ጥላው ሦስት ጣት ያህል ሄዶ ተገኝቷል።

አጀንዳ 3፦ ዱባው
አቶ ኖርም በትርዒቱ ከባዱ ዱባ የሚሸለምበት የሚዛን ምዝገባ በ10 ሰዓት እንደሚዘጋ ገለጹ። “ክላይቭ፣ ዱባዬን ስጠኝና ልሂድበት። የእናንተ ግራጫ ለኔ ምኔ ነው?” ብለዋል። ሰብሳቢው “ተቀመጥ ኖርም፣ ዱባው እግር የለው” ካሉ በኋላ፣ አቶ ኖርም ከወጡ ምልዓተ ጉባኤው እንደሚፈርስ፣ ዱባው እንዲወጣ የሚፈቅድ አካልም እንደማይኖር አብራሩ።

ወ/ሮ ቤሪል ሥዕላቸው ስድስት ዓመት በተከታታይ ከትርዒቱ እንደተመለሰባቸው፣ የዘንድሮው መቀበያ በ11 ሰዓት እንደሚዘጋ፣ የቀራቸውም ዱባው ጠረጴዛውን የሚነካበት ጥቁር ብቻ መሆኑን ተናገሩ። “እሱን ሳላገኘው ዱባውን ከወሰድክብኝ ወረቀቱ ላይ ይንሳፈፍብኛል ኖርም። ለከርሞ ደግሞ እጄም አይታዘዘኝ ይሆናል።”

ወ/ሪት ሜሌ የአቶ ኖርም ራስ ፀጉር ስለሌለውና ብርሃን ደህና አድርጎ ስለሚይዝ በዱባው ፋንታ እንዲቀመጥ ሐሳብ አቀረቡ። ጸደቀ። ታዲያ ዱባውን ወደ ሚዛን ማን ይወስዳል የሚለው አልተነሳም። አቶ ኖርም አገጫቸውን ጠረጴዛው ላይ አድርገው አራት ደቂቃ ቆዩ። ወ/ሮ ቤሪል “ዱባው ይሻለኛል፤ ቢያንስ አያጉረመርምም” ብለዋል።

ልዩ ልዩ
በ9፡20 አቶ ኖርም ዱባውን አቅፈው ተነሱ። በወ/ሮ ቤሪል ጀርባ ሲያልፉ ወረቀቱን አይተው ቆሙ። ሥዕሉ ላይ ዱባው ጠረጴዛውን የሚነካበት በአጀንዳ 1 ከተፈቀደው እጅግ የጠቆረ መሆኑን ሰብሳቢው አስተውለው፣ ሥዕሉ ለትርዒቱ እንዳይቀርብ ሐሳብ አቀረቡ።

አቶ ኖርም “ቆይ እስኪ ክላይቭ” አሉ። ዱባውን በክንዳቸው ከፍ ዝቅ አድርገው ሞከሩት፤ ወረቀቱን እንደገና አዩት።

“ያንቺው ይከብዳል፣ ቤሪል።”

ዱባውን ወደ ቦታው መልሰው፣ አናቱ ላይ ያለው ጉቶ ቀድሞ ወደነበረበት አቅጣጫ እስኪዞር ድረስ አስተካከሉት። ሚዛኑ ሊዘጋ ነው ቢባሉ “ይዘጋ” ብለዋል።

በመሆኑም በአጀንዳ 1፣ 2 እና 3 የተወሰነው ሁሉ በሙሉ ድምፅ ተሽሯል። እያንዳንዱ ያሻውን ያህል ያጠቁራል፤ ጥላው ወደ ፈለገበት ይሄዳል፤ የአቶ ኖርም ራስ ከሥራው ተሰናብቷል። ዱባው ወ/ሮ ቤሪል በቃኝ እስኪሉ ድረስ ከቦታው አይነሳም።

ስብሰባው በ9፡35 ተዘግቷል። ወ/ሮ ቤሪል ገና እያጠቆሩ ስለነበር ግን ከወንበሩ የተነሳ የለም።