የሩዋይስ ቀይ ደመና

ሰው በነፃ ያገኘውን ነገር አያከብርም። የጅዳን ፀሐይ ተመልከቱ! አንድ ቀን በእኩለ ቀን ወደ ሸረፊያ ሰፈር ስወጣ ጥላዬ እስከ መንገዱ ጫፍ ሸኘኝና፣ አልቻለም፣ ወደ ቤት ተመለሰ። ይህን በዓይኑ ያየ ሰው ነበር፤ ምን ያደርጋል፣ አገሩ ገባ።

እንዲህ ያለች ፀሐይ አናታችን ላይ ተቀምጣ፣ ሩዋይስ ሰፈር ያለው ቤታችን ሙከይፉ፣ የአየር ማቀዝቀዣው፣ ተቃጥሎ በላብ መዋኘት ጀመርን። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ማለት ይኼ አይደለም? ባለቤቴ ዘሃራ ቁርጡን ነገረችኝ። «አንተ ሰውዬ፣ እስከ ጁምዓ ቤቱን ካላቀዘቀዝከው እኔ መካ፣ እህቴ ጋ ነኝ። እነሱ ዓዚዚያ ሰፈር በጋውን ብርድ ልብስ ለብሰው ነው የሚተኙት» አለች። እሷ ከሄደች ማን ያበስልልኛል አልልም፤ ማን ይቆጣኛል? በዚህ ዕድሜ አጥብቆ የሚቆጣ ሰው በቀላሉ አይገኝም።

ሌላ ሙከይፍ መግዛት የፀሐይን ውለታ መርሳት ነው ብዬ ሶላር ገዛሁ። የአገራችን ልጅ ሙሄ፣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው፣ ጣሪያው ላይ ዘርግቶ ከማራገቢያ ጋር አገናኘልን። ቢስሚላህ ብሎ ሲያበራው የዘሃራ ሻሽ በመስኮት ወጥቶ ቀይ ባሕር ገባ ብል ታምኑኛላችሁ? ግዴለም፣ አትመኑኝ። መሳቋን ግን እመኑኝ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ማራገቢያው እንደ ሰነፍ በቅሎ ቀጥ አለ። ሙሄ ተጠርቶ መጣ፤ ደረጃውን ሽቅብ አየና መውጣቱ አስጠላው። «ጋሼ፣ ደመና ነው፤ ባሕሩ የሚተፋው ጭጋግ ነው። ሲገለጥ ይሠራል፣ ኸላስ» ብሎኝ ሄደ። ዘሃራ በበኩሏ ሻንጣዋን ከቁም ሣጥን ላይ አወረደች። በመስኮት ብመለከት ሰማዩ እንደ ታጠበ ብርጭቆ ጥርት ብሏል። ታዲያ ደመናው የት ተደበቀ? ጉልበቴን እየለመንኩ ጣሪያ ወጣሁ።

ደመናውን አገኘሁት። ቀይ ነው። ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል። ከወሎ የተላከልን በርበሬ ተደልዞ፣ ሶላሩ ላይ ከዳር እስከ ዳር ተሰጥቷል!

ወርጄ ብጠይቃት ዘሃራ ምን አለች? «ለእህቴ ስንቅ ነዋ! ባዶ እጄን ልሂድ? ደግሞ የት ላስጣው? ሰፊ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ይግላል። ፀሐይ የሚሰበስብ ዕቃ ነው ያልከኝ አንተው!» ማራገቢያው የቆመው በዚሁ ምክንያት መሆኑን ባስረዳት፣ በርበሬው እስኪደርቅ ይቁም አለችኝ። ሻንጣውስ? «በርበሬ አስጥቶ የሚሄድ ሰው የት አይተሃል?»

ጁምዓ ደረሰ። ዘሃራ መካ አልሄደችም፤ መካ እኛ ዘንድ መጣች። እህቷ ሰዓዳ የሶላሩን ዝና በስልክ ሰምታ ኖሮ፣ እሷ የምትኖርበት የሐጃጆች ማረፊያ ጣሪያ ላይ ማስጣት ክልክል ነውና፣ የራሷን በርበሬ በጆንያ ጭና ከተፍ አለች። አሁን ቤታችን ውስጥ ሙቀትን የሚያማ የለም፤ እንዲያውም ትንሽ ደመና ሲያዩ እህትማማቾቹ ይተክዛሉ። እኔም ወንበር ተሰጥቶኝ ጣሪያው ላይ እርግብ አባርራለሁ። እዚያ ላይ፣ አልዋሽም፣ ከባሕሩ በኩል ግሩም ነፋስ ይነፍሳል።

በነፃ።