ጋሽ ሚንቾ እና የታሰረው ቁልፍ

እግዜር ቢሮን ሲፈጥር መጀመሪያ አለቃ ፈጠረ፤ ቀጥሎ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ፈጠረ፤ በመጨረሻ ሁለቱንም «እኔ ላስተካክል» የሚል ሰው ፈጠረና አረፈ። እኛ ግን ከዚያ ወዲህ አላረፍንም። ይህን ሰው ታውቁታላችሁ። ወንበራችሁን ሳትጠይቁት ከፍ ዝቅ የሚያደርግላችሁ፣ የከፈታችሁትን መስኮት ዘግቶ «ንፋሱ ለአንገትህ አይሆንም» የሚላችሁ እሱ ነው። ክፋት የለበትም። ክፋት ቢኖርበትማ መላ አይጠፋለትም ነበር።

የእኛው ጋሽ ሚንቾ ይባላሉ። ፕሎቭዲቭ ከተማ ውስጥ ባለችው ትንሽ አሳታሚ ቤታችን በአራሚነት ተቀጥረው የሰው ስህተት ሲለቅሙ ፀጉራቸው ሸብቷል። ይህ ግን በደንቡ ነው። በራሳቸው ሹመት ደግሞ የመላው ቢሮ የኪቦርድ ቁልፎች የበላይ ጠባቂ ናቸው። «ክቡር ኢንጂነር» ስንላቸው ለወጉ ያህል «ኧረ ተዉ» ይላሉ፤ የተማሩት ግን ሰዋስው ነው።

ጋሽ ሚንቾ አንድ የማይናወጥ እምነት አላቸው። የኮንትሮል ቁልፍ ቦታው እዚያ ታች ጥግ ላይ መሆን የለበትም ይላሉ። ትንሿ ጣት ወደዚያ ስትንጠራራ ነው የሰው ልጅ በሽታ ሁሉ የሚጀምረው፤ ከወገብ ሕመም እስከ ፍቺ። ለኮንትሮል የሚገባው ቦታ ከፍ ብሎ ያ ትልልቅ ፊደል የሚያወጣው ካፕስ ሎክ የተቀመጠበት ነው። «ካፕስ ሎክ ባላባት ነው!» ይላሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ለም መሬት ይዞ አንድ ፍሬ አያመርትም! ይነቀል!» ከዚያ እጃችሁን ከኪቦርዱ ላይ ገፋ አድርገው ያችን የታወቀች ቃላቸውን ይናገራሉ፤ «ቆይ፣ አትንካው! ትንሽ ነገር ብቻ ነው።»

ከዚያች ትንሽ ነገር በኋላ ማንም በሰላም ጽፎ አያውቅም። ዳይሬክተራችን ወይዘሮ ዝላቲና አንድ ጊዜ ለአንድ ጳጳስ በትሕትና የጻፉት ደብዳቤ ከላይ እስከ ታች በትልልቅ ፊደል ወጥቶ፣ ጳጳሱ «ልጄ፣ ምን አድርጌሽ ነው የምትጮኺብኝ?» ብለው መልሰውላቸዋል። እኔን ደግሞ ጋሽ ሚንቾ ቤቴ ድረስ መጥተውብኛል። በስሜ ቀን፣ ስሙን የያዝኩት ቅዱስ በሚከበርበት ዕለት፣ የቢሮውን ሰው ጋብዤ ከሾርባው በኋላ ጋሽ ሚንቾ ተሰወሩ። ስንፈልጋቸው መኝታ ቤት የባለቤቴ ኮምፒውተር ላይ አቀርቅረው፣ ከቤታቸው በዳቦ ከረጢት ያመጡትን ኪቦርድ ሰክተው አገኘናቸው። «እንኳን አደረሰህ ናስኮ፤ የባለቤትህን አልት አስተካክዬልሃለሁ» አሉኝ፣ ስጦታ እንደሰጠ ሰው እየተፍለቀለቁ። ባለቤቴ እንግዶቹን እስክንሸኝ ጠበቀችና «ሁለተኛ እዚህ ቤት ቢገቡ እኔ ነኝ የምወጣው» አለች።

ይህን ሁሉ የምነግራችሁ ዘንድሮ የሆነውን እንድትረዱልኝ ነው። ከእኔ ፊት ለፊት ተርጓሚያችን ኔቬና ትቀመጣለች። ክረምቱን ሆስፒታል ከርማ፣ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት፣ ከስታና ቀኝ እጇ ዝሎ ነበር የተመለሰችው። በማርች መጨረሻ ሐኪሙ ዘንድ ስትቀርብ በሽታው ለቋት እንደሆነ፣ ወይም ሕክምናው እንደ አዲስ ሊጀመር እንደሆነ ይነግሯታል። ይህን ጉዳይ አንድም ቀን አንስታ አታውቅም፤ ዝም ብላ ትተረጉማለች። የላፕቶፗ ቁልፎች ለእጇ ስለከበዷት ጋሽ ሚንቾ ከተማውን አስሰው አንድ ለስላሳ ኪቦርድ አመጡላት። ስትነኩት ቅቤ ነው።

ማርች አንድ ሲጠባ እንደ አገሩ ሁሉ እኛም ማርተኒጻ ተሳሰርን። ይህች ቀይና ነጭ ክር ጤና ይስጥህ ተብላ አንዴ ከታሰረች፣ ወይ ሽመላ ወይ ያበበ ዛፍ በዓይንህ እስክታይ ድረስ አትፈታም፤ ያን ጊዜ ፈትተህ ከዛፉ ላይ ታስራታለህ። ሌላው ሰው እጁ ላይ አስሮ ይበቃዋል። ጋሽ ሚንቾ ግን በቃኝን አያውቁም፣ ለኪቦርዶቹም አሰሩላቸው። ለኔቬናማ ለብቻው ጠንከር ያለ ክር፣ በግራ በኩል ጥጉ ላይ፣ ድርብ ቋጠሮ።

ጥቂት ቀን ቆይቶ የኔቬና ኮምፒውተር አበደ። አንድ ፊደል ስትነካ ማተሚያው ወረቀት መትፋት ይጀምራል። ሌላ ስትነካ ገጹ ድርግም ብሎ ይዘጋል። ደግሞ ሌላ ስትነካ ምዕራፉ በሙሉ ሰማያዊ ይለብሳል፤ ቀጥሎ በነካችው ይጠፋል። ኔቬና እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ትንሽ አየቻቸው።

«ጋሼ» አለች ቀስ ብላ፣ «እሱ ነው ወይስ እጄ ነው?»

በዚያች ጥያቄ ውስጥ ምን እንዳለ ለሁላችንም ገባን። ጋሽ ሚንቾ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «ቆይ፣ አትንኪው! ትንሽ ነገር ብቻ ነው።»

መጀመሪያ ኮንትሮሉን ወደ አልት ለወጡት፤ ፊደል በተነካ ቁጥር ከላይ ዝርዝር እየተዘረገፈ ይወርድ ጀመር። ወደ ሺፍት ለወጡት፤ ኔቬናም እንደ ዳይሬክተራችን ትጮህ ጀመር። መሰኪያውን ነቅለው ሌላ ቦታ ሰኩት፤ ያው ነው። ኮምፒውተሩን አጥፍተው አበሩት፣ ነፉበት፣ ተቆጡት።

«ጋሼ፣ ባለሙያ ብንጠራስ?» አልኩ።

«እኔ ምንድን ነኝ?»

«አራሚ።»

«እንግዲያስ እያረምኩ ነዋ!»

እኔ በዚህ መሐል ባኒጻ፣ ያን አይብ የተሞላ የሚፈረፈር ቂጣ፣ እየበላሁ ነበር። ፍርፋሪዬ የኔቬና ኪቦርድ ላይ ወደቀና ላነሳ ጎንበስ ስል አየሁት። ክሩ ከጥጉ ተንሸራትቶ የኮንትሮሉ ቁልፍ ሥር ገብቷል፤ ከውስጥ ተጠምጥሞ ቁልፉን ወደ ታች ይዞታል። ቁልፉ ቀኑን ሙሉ እንደተጫነ ነበር ማለት ነው፤ ኮንትሮል ከተጫነ ደግሞ ፊደል ሁሉ ትእዛዝ ይሆናል።

«ክቡር ኢንጂነር» አልኩ፣ እንዲህ ያለ ዕድል መቼም አይደገምልኝም ብዬ፣ «በሽታው ተገኝቷል። ያሰሩት እርስዎ ነዎት።»

ኔቬና ክሩን አየች፣ ጣቶቿን አየች፣ ከዚያ ከት ብላ ሳቀች። ከሆስፒታል ከወጣች ወዲህ ስትስቅ ገና መስማቴ ነው። እኔም መቀስ አንስቼ ክሩን ልቆርጥ ስል ጋሽ ሚንቾ እጄን ያዙኝ። «ቆይ፣ አትንካው!» አሉ። ቃሉ ያው የድሮው ነው፤ ድምፁ ግን የሌላ ሰው ነበር። ክንዴን ይዘው ወደ ኮሪደሩ ጎትተው አወጡኝ።

«ጋሼ፣ ክር እኮ ነው! በዚህ ነገር ያምናሉ እንዴ?»

«እኔ? እኔ የሳይንስ ሰው ነኝ!»

«ታዲያ?»

በሩን ገርበብ አደረጉት። «ለጤናዋ ብዬ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ጊዜው ሳይደርስ ዛሬ ቆረጥከው እንበል። በኋላ ሐኪሙ ክፉ ነገር ቢነግራት ያቺ ልጅ ምን ትላለች? ባልተቆረጠ ኖሮ ትላለች። ሌሊቱን ሙሉ እሱን ስታስብ ታድራለች። አንተ ልታጽናናት ትችላለህ? እኔ አልችልም።»

እኔም አልችልም ነበርና መቀሱን ኪሴ ከተትኩት።

ስለዚህ የተጫነው ኮንትሮል ሥራ ፈት ሆነ፤ ጋሽ ሚንቾ ቢጫኑት የማይሰማ ደንቆሮ አደረጉት። ሥልጣኑንም ለባላባቱ ቦታ ለካፕስ ሎክ ሰጡት። ኔቬና የእሷ ብቻ የተለየ እንዳይመስላት ደግሞ የሁላችንንም እንደዚያው አደረጉት። ተራገምን። ወይዘሮ ዝላቲና ለጳጳሱ በእጃቸው መጻፍ ጀመሩ።

አንድ ማለዳ የረሳሁትን ጃንጥላ ልወስድ ከሁሉ ቀድሜ ብሄድ፣ ጋሽ ሚንቾ ካፖርታቸውን እንኳ ሳያወልቁ የኔቬና ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ለካ የቢሯችን ኮምፒውተሮች ሌሊት ሌሊት ያስተማሯቸውን ሁሉ ይረሳሉ። ሰውዬው በየማለዳው ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞሩ፣ ቁልፎቹን እንደ አዲስ እያስተማሩ፣ ከዚያ ወጥተው ከእኛ ጋር እንደ ገና ይገቡ ኖሯል።

«ምን ትሠራለህ በዚህ ማለዳ?» አሉኝ ደንግጠው።

«እርስዎስ?»

«እኔማ… ትንሽ ነገር ብቻ ነው።»

አሾፍኩባቸው ብላችሁ ታምናላችሁ? ጃንጥላዬን ይዤ ወጣሁና ባኒጻ ገዝቼላቸው ተመለስኩ።

ጸደዩ ግን ዘገየ። በረዶና ዝናብ ነው። ቢሮው በሙሉ አንገቱን መስኮት ላይ ሰቅሎ ዛፍ ይጠብቃል። መጻሕፍት የሚያመላልሰው ሾፌራችን በወንዙ በኩል ሽመላ አየሁ ቢል ጋሽ ሚንቾ እንደ መርማሪ አፋጠጡት፤ ሲጣራ ሽቦ ላይ የተንጠለጠለ ነጭ ፌስታል ሆነ። የሐኪሙ ቀጠሮ ሰኞ ነው። አርብ ዕለት ኔቬና ክሩን በጣቷ ዳሰስ አደረገችና «አላበበም፣ አይደል?» አለች፣ ለማንም ሳይሆን።

እሁድ ከባለቤቴ ጋር ወደ ኮረብታው ወጣሁ። ለመንሸራሸር ነው ያልኳት። ከአንድ አሮጌ ግንብ ጀርባ፣ ንፋስ በማይደርስበት ጥግ፣ አንዲት ጎባጣ የፕሪም ዛፍ ከታች ያለው ቅርንጫፏ ብቻ አብቦ አገኘኋት። ወዲያው ለጋሽ ሚንቾ ደወልኩላቸው።

ጋሽ ሚንቾ ኔቬናን ደግፈው፣ ኪቦርዱን በዳቦው ከረጢት ብብታቸው ሥር ሸጉጠው፣ ቁና ቁና እየተነፈሱ ደረሱ። የሚያልፈው ሰው ዞሮ ያየናል፤ ኪቦርድ ይዞ ተራራ የሚወጣ ሰው አይቶ አያውቅም። ኔቬና ዛፏን አየች። ያን ጊዜ ጋሽ ሚንቾ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አውርደው፣ በመርፌ ጫፍ ድርብ ቋጠሮውን ፈቱት፤ ክሩን ሳይበጥሱ ቀስ አድርገው ሳቡት። ቁልፉ ጠቅ ብሎ ተነሣ። ኔቬና ክሩን ቅርንጫፉ ላይ ስታስር ኮፍያቸውን አወለቁ።

«እኔ በዚህ አላምንም» አሉኝ፣ መነጽራቸውን እየጠረጉ። ባለቤቴ መሐረብ ሰጠቻቸው። በመንገዳችን ላይ «ለእራት ይምጡ» ስትላቸው ጆሮዬን አላመንኩም።

ሰኞ ጋሽ ሚንቾ መቀመጫ አጡ። መስኮት ዘጉ፣ ከፈቱ፤ ወንበሬን ሁለት ጊዜ አወረዱት። ስልኩ የጮኸው በምሳ ሰዓት ነው። ኔቬና ለዳይሬክተራችን ሳይሆን ለጋሽ ሚንቾ ነው የደወለችው። «እሺ… እሺ… እሺ ልጄ» ይላሉ። ስልኩን ዘጉና ባገኙት ነገር ላይ ተቀመጡ፤ ምሳዬ ነበር።

«ንጹህ ነሽ ብለዋታል» አሉ። «ምንም የለም። ምንም።»

ቢሮው በጩኸት ተናጋ። ወይዘሮ ዝላቲና ከክፍላቸው እየሮጡ ወጥተው ጋሽ ሚንቾን ግንባራቸው ላይ ሳሟቸው። ነገሩ ረገብ ሲል፣ ዓይናቸው እንደቀላ ወደ እኔ ጠረጴዛ መጡ።

«በል ናስኮ፣ ክሩም ተፈታ። ስትረግመኝ ከርመሃል፤ ኮንትሮልህን ወደ ጥንት ቦታው ልመልስልህ» ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

ወደ ኪቦርዴ አየሁ። ትንሿ ጣቴ ባላባቱ መሬት ላይ ተመቻችታ ተቀምጣለች።

«ቆይ፣ ጋሼ» አልኳቸው፣ «አይንኩት!»