ግማሽ ላይ የቀረው ባንዲራ

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ልጆቼ፣ እንደ እኛ አዛዥ ነገር ቶሎ የሚገባው ሰው በባሕርም በየብስም አላየሁም። ሌላው ሰው ነገር የሚገባው ከሰማ በኋላ ነው። እሳቸው ሳይሰሙም ይገባቸው ነበር። እንዲህ ያለ ጸጋ ለሁሉ አይሰጥም፤ ለሁሉ ቢሰጥማ ከባሕሩ ላይ ይልቅ ከባሕሩ ሥር የሚገኘው መርከብ ይበዛ ነበር።

እኔ በዚያች የጦር መርከብ ላይ ምግብ አብሳይ ነበርኩ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አልዘለለም፤ ስለዚህ የምነግራችሁ በዓይኔ ያየሁትን ነው። በመጽሐፍ ያለውን የተማረ ይንገራችሁ።

መርከብና መርከብ በባንዲራ ይነጋገራሉ። ሬድዮ ሊበላሽ ይችላል፤ ጠላት እንዳይሰማም ዝም ማለት የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ። ያኔ የበላይ አዛዡ ያሉባት ዋናዋ መርከብ ባለ ብዙ ቀለም ባንዲራዎች በገመድ ደርድራ ትሰቅላለች። ያየው መርከብ ደግሞ የመልስ ባንዲራ ይሰቅላል። ደንቡ ቀላል ነው፦ የመልሱ ባንዲራ ምሰሶው ግማሽ ላይ ከቆመ «አየሁት፣ ትርጉሙን ገና እየፈለግሁ ነው» ማለት ነው። እስከ ጫፍ ከወጣ ደግሞ «ገባኝ» ማለት ነው። ከግማሽ እስከ ጫፍ ያለችው ክፍተት እንግዲህ ሰው የሚያስብባት ናት።

አዛዣችን ይህችን ክፍተት አይወዷትም። «ግማሽ ላይ የሚቆም ባንዲራ የግማሽ ጭንቅላት ምልክት ነው» ብለው፣ ባንዲራው የትም ሳያርፍ በአንድ ትንፋሽ ጫፍ እንዲደርስ አዘዙ። በዚህ የተነሳ መርከባችን ከአሥራ አራቱ መርከቦች ሁሉ ፈጥና የምትረዳ ተብላ ሦስት ዓመት በተከታታይ ተሸለመች። ምን እንደተረዳች የጠየቀ የለም። ለእሱ ሽልማት አልተዘጋጀለትማ።

ትጋቱ ከምሰሶው ወርዶ ወደ እኛም ደረሰ። በየክፍሉ ስልክ ገባ፣ በየጣሪያው ድምፅ ማጉያ ተሰቀለ፤ የእኔ ወጥ ቤት እንኳ ከሽንኩርቱ ጆንያ በላይ አንድ ተሰቀለለት። አንድ ቀን ጠዋት ማጉያው ቅርርር አለና የአዛዡ ድምፅ ከውኃ ጉድጓድ እንደሚወጣ ተንጎደጎደ። አንድ ቃል የሰማ ሰው የለም። ሰባቱም ክፍሎች ስልካቸውን አንስተው «ገባኝ» አሉ። ከዚያማ ሁሉም በገባው መጠን ሥራውን ጀመረ። መካኒኮቹ ሞተሩን አጠፉ። ቀለም ቀቢው የአዛዡን በር ቀይ ቀባው። እኔ፣ አልዋሻችሁም፣ ምሳውን በሦስት ሰዓት ተኩል አቀረብኩ። ማታ ስንጠያየቅ አዛዡ ያሉት ለካ «ማጉያውን እየሞከርኩ ነው፣ ምንም እንዳትሠሩ» ነበር።

አዛዡ ግን አልተቆጡም። ሰባቱም «ገባኝ» በአንድ ደቂቃ ውስጥ መድረሱን በመዝገብ አስጻፉና አመሰገኑን።

በዚህች ሁሉ በገባት መርከብ ላይ አንድ ነገር የማይገባው ሰው ነበረ፤ እሱም ባለ ባንዲራው ነው። አዛዡ ሲናደዱበት «አባ ግማሽ» ያሉት ስም ሆኖት ቀረ። ሃያ ስምንት ዓመት ባንዲራ የሰቀለ፣ የምልክቱን መጽሐፍ ገጽ በገጽ የሚያውቅ፣ ግን ሁልጊዜ ከፍቶ የሚያይ ሰው ነው። አዛዡ ከጀርባው ቆመው «ቶሎ! ቶሎ!» እያሉ ገመዱን ያስጎትቱታል። እሱም ይታዘዛል፣ ሲታዘዝ ግን ፊቱ ጥርሱን እንዳመመው ሰው ይሆናል።

ከሱ ጋር ስለምንቀራረብ ቤቱ ሄጄ አውቃለሁ። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ቤታቸው ከወደቡ በላይ ያለው ዳገት ላይ ነው። የባንዲራውን ደንብ ከእሱ ተምራ በሱው ላይ ትፈርድበታለች። የሆነ ነገር ነግራው ዝም ካላት «ግማሽ ነው ወይስ ሙሉ?» ትለዋለች። እሱም ብዙውን ጊዜ «ግማሽ» ይላል።

«ስማኝ እስቲ አንተ ወንድማችን» አለችኝ አንድ ቀን መርፌዋን ሳትተው። «ሃያ አምስት ዓመት ስንኖር ይሄ ሰው ሙሉ ያለኝ ሁለቴ ብቻ ነው። አንዱ ላግባሽ ብሎኝ እሺ ያልኩት ቀን ነው። ሁለተኛው ልጃችን የሞተ ጊዜ ነው፤ እያለቀስኩ ስነግረው ነገሬን ሳልጨርስ ሙሉ አለኝ።»

እሱ ጉልበቷ ላይ የተጠቀለለውን ጨርቅ ጫፍ ይዞ ያስተካክልላት ነበር።

ጨርቁ የስንብት ጥብጣብ ነው። በእኛ መርከቦች ዘንድ ባለ ባንዲራ ጡረታ ሲወጣ፣ መርከቡ ወደብ የሚገባበት ዕለት ቤተሰቡ የሰፋለትን ረዥም ጥብጣብ በገዛ እጁ ይሰቅላል፤ ለያንዳንዱ የአገልግሎት ዓመት አንድ ክንድ። እስከ ጫፍ ከተሰቀለ ሰውየው በክብር ወጥቷል ማለት ነው። ግማሽ ላይ ከቀረ ግን ተባረረ ማለት ነው፤ ይህን በወደቡ ዳር ያለች ዓሣ ሻጭ ሳትቀር ታውቀዋለች። ሚስቱ ሃያ ስምንት ክንድ ሰፍታ ጨርሳ ነበር። እሱም በመጨረሻ ጉዞው ሳጥኑ ውስጥ ከትቶ ይዞት ተሳፈረ።

ከዚያ ጉዞ በሦስተኛው ሳምንት፣ ባሕሩ እንደ ሳህን በረጋበት አንድ ጠዋት፣ ዋናዋ መርከብ አራት ባንዲራዎች ሰቀለች። አሥራ አራታችንም በሰልፍ ነን። ገና አራተኛው ባንዲራ ሳይዘረጋ የሌሎቹ አሥራ ሦስት መርከቦች የመልስ ባንዲራ ጫፍ ደረሰ። ልባቸው እስኪጠፋ ነበር የጎተቱት፤ ከእኛ የተማሩት ነው። የእኛው ግን ግማሽ ላይ ቆመ። አባ ግማሽ ገመዱን በአንድ እጁ ይዞ በሌላው መጽሐፉን ይገልጣል።

አዛዡ እየሮጡ መጡ። እኔ ለምክትላቸው ሻይ ይዤ ወጥቼ ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ።

«አንተ ሰውዬ፣ ምን ያስቆምሃል?»

«አይቼዋለሁ ጌታዬ። ግን አልገባኝም።»

«እኔ ገብቶኛል።»

«ምን ይላል ጌታዬ?»

«ምን እንደሚል ማወቅ የአንተ ሥራ ነው። የኔ ሥራ መረዳት ነው።»

«መጽሐፉ ላይ እንዲህ ያለ ምልክት የለም ጌታዬ። ሁለቴ አየሁት። ከፈቀዱልኝ እንጠይቃቸው።»

«አሥራ ሦስት መርከብ ገብቶት እኛ ብቻ ልንጠይቅ ነው?» አሉ አዛዡ፤ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ሳጥንህ ውስጥ ያለውን ጥብጣብ አውቃለሁ። ይሄ ባንዲራ አሁን ካልወጣ፣ ያም ከግማሽ አያልፍም። ሚስትህ ወደቡ ላይ ቆማ ታየዋለች።»

አባ ግማሽ ወደ ገመዱ አየ። በኋላ እንደነገረኝ በልቡ የቆጠረው ስፌቷን ነው፤ ክንድ በክንድ። ሲጨርስ «አልገባኝም ጌታዬ» አለ፣ እንደገና።

አዛዡ ወደ ምክትላቸው ዞረው «አንተ ስቀለው» አሉ። ምክትሉ ቃል የማያበዛ፣ ሻዩን አብርዶ የሚጠጣ ሰው ነው። ገመዱን ተቀበለና አገላብጦ አየው። «ተጠላልፏል ጌታዬ» አለ። ገመዱ እንደ ተወጠረ ክር ቀጥ ብሎ ነበር። ምክትሉ ያልተጠላለፈውን ገመድ በትዕግሥት ሊፈታ ተቀመጠ።

እሱ ገና ሲፈታ ሬድዮው ተናገረ። የበላይ አዛዡ ራሳቸው ናቸው። የሰቀሏቸው አራት ባንዲራዎች ምንም ትርጉም እንደሌላቸው፣ ማን እንደሚዋሽ ለማየት ሆን ብለው እንዳደረጉት፣ አሥራ ሦስት መርከቦች ያልተባለ ነገር እንደገባቸው፣ እውነቱን የተናገረች አንዲት መርከብ ብቻ እንደሆነች ገለጡ። ለዚያች መርከብ አዛዥም የታማኝነት የምስክር ወረቀት ሰጡ።

ለመርከቡ አዛዥ ነው ያልኳችሁ። ባንዲራ ሰቃይ የምስክር ወረቀት ቢሰጠው የት ይሰቅለዋል?

አዛዣችን በዚያው ዕለት ሁላችንን ሰብስበው ንግግር አደረጉ። በትሕትና ረገድ በባሕር ኃይሉ ታሪክ አቻ እንደሌላቸው፣ «አልገባኝም» ማለት የታላቅ ሰው ምልክት መሆኑን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ያውቁት እንደነበር አስረዱን። ለአባ ግማሽም በመርሕ ደረጃ ይቅርታ አደረጉለት። ከዚያም አዲሱን መመሪያ አነበቡ፦ «ከዛሬ ጀምሮ በዚህች መርከብ ላይ የሚሰቀል ማንኛውም ጨርቅ ከምሰሶው ግማሽ በላይ መውጣት በጥብቅ የተከለከለ ነው።»

ምክትሉ ጉሮሮውን ጠረገ። «ጌታዬ፣ የአገሪቱ ሰንደቅ ዓላማስ?»

«ማንኛውም ማለት ማንኛውም ነው።»

«የባለ ባንዲራው ጥብጣብስ?»

«እሱ ጨርቅ አይደለም?»

«ገባኝ» አለ ምክትሉ። እሱን ቃል ከሱ አፍ ስሰማ ያኔ የመጀመሪያዬ ነው።

አባ ግማሽ እንግዲህ ይቅርታ ተደርጎለት ተቀጣ። ሲዋሽ ሙሉ ይሰቅል የነበረ ሰው፣ እውነት ተናግሮ ግማሽ ተፈረደበት። ያን ሳምንት ወጥ ቤቴ እየመጣ ይቀመጣል፣ ድንቹን ከእኔ ጋር ይልጣል። አንድ ጊዜ ብቻ «ግማሹን ስታይ ምን እላታለሁ?» አለኝ። ቢላዬን ሳልኩ።

ወደ ወደቡ ስንቃረብ ሰንደቅ ዓላማችን በመመሪያው መሠረት ምሰሶው ግማሽ ላይ ነበር። ሰንደቅ ዓላማ እንዲያ ዝቅ ሲል በዓለም ዙሪያ ትርጉሙ አንድ ነው፦ ትልቅ ሰው ሞቷል። የወደቡ ሹማምንት በሬድዮ ጠየቁ። የእኛ ሬድዮ ሠራተኛ በመመሪያው የተከለከለው ጨርቅ እንጂ ምላስ ስላልሆነ እንደ ድሮው ሰዎቹ ሳይጨርሱ ይመልሳል።

«ሰንደቃችሁ ዝቅ ብሏል፤ ሐዘኑ የአዛዣችሁ ከሆነ...»

«ገባኝ።»

«እንግዲያው ሞታቸውን መዝግበን የክብር አቀባበል እናዘጋጃለን። ስሕተት ካለ አሁኑኑ...»

«ገባኝ።»

ስንደርስ ወደቡ በሰው ተሞልቶ፣ የሙዚቃ ጓዱ ተሰልፎ ጠበቀን። አዛዡ የታማኝነት ወረቀታቸውን በደረታቸው ይዘው ከመርከቡ ፊት ቆሙ፤ ለወረቀቱ የመጣ ሕዝብ ነው የመሰላቸው። ሙዚቃው ቀስ ያለና የሚያሳዝን ስለነበር ጥቂት ቢገርማቸውም ክብደት እንዳለው ወደዱት። የወደቡ ሹም መነጽራቸውን አድርገው ንግግር ማንበብ ጀመሩ። ጽሑፉ ለማንኛውም ታላቅ ሟች ተብሎ አስቀድሞ የተዘጋጀ ነበር። ሹሙ ቀና ሳይሉ «እኚህ ‹ስም እዚህ ይሞላ› የተባሉት ቆራጥ፣ አርቆ አሳቢና ለበታቾቻቸው አባት የነበሩ መሪ» እያሉ ቀጠሉ። ከፊት ያሉት ሰዎች አዛዡን በሕይወት እንደቆሙ አይተዋቸዋል፤ ግን መርሐ ግብር በወረቀት ተይዟል፣ ማን ያቋርጣል?

አዛዡ እንባቸው ወረደ። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ፤ ለምክትላቸው ሹክ ሲሉ ሰማሁ።

«ማን ነው የሞተው? ደግ ሰው ነበር መሰለኝ።»

«እርስዎ ነዎት ጌታዬ» አለ ምክትሉ።

አዛዡ እንባቸውን ጠረጉ። «ገባኝ» አሉ።

ምክትሉ ቆቡን አስተካከለ። ገመዱ አጠገብ ጥብጣቡን ታቅፎ ወደቆመው አባ ግማሽ ዞረ። «ስማ፣ ወንድሜ» አለው ቀስ ብሎ። «አዛዡ መሞታቸው በወደቡ ተመዝግቧል፣ ራሳቸውም አምነዋል። በደንቡ መሠረት ከአሁን ጀምሮ የምትታዘዘው እኔን ነው። ስቀል።»

አባ ግማሽ ይህን ሲሰማ መጽሐፍ አልገለጠም። ጎተተ። ሃያ ስምንቱ ክንድ እየተፈታ፣ ከሰንደቁ አልፎ፣ ከግማሹ አልፎ፣ ሳያርፍ ጫፍ ደረሰና ነፋሱ ዘረጋው። ከሕዝቡ መሃል ሚስቱ እጇን ከፍ አድርጋ ሁለት ጣቶቿን፣ ከዚያም ሦስተኛውን አነሳች።

አባ ግማሽ ገመዱን እያሰረ ስለነበር ፊቱን አላየሁትም። አዛዣችን ጥብጣቡ ለቀብራቸው መስሏቸው በእጅጉ ተነኩ። ሦስቱም ጣት ለእሳቸው የተነሳ መስሏቸው፣ ወደ ሴትዮዋ ቀጥ ብለው ቆሙና ሦስት ጊዜ ሰላምታ ሰጡ።