ጋሽ አሊዪ ጫማ ሲመርጡ

እስቲ ጫማ ተራ ስትደርሱ ገዢውን ተዉትና የማይገዛውን ሰው ተመልከቱ። ከደብረ ሲና እስከ ካራቆሬ ባለው ገበያ ሁሉ አንድ አንድ አለ። ያነሳል፣ ያገላብጣል፣ ያሸታል፣ ሶሉን በጥፍሩ ይጭራል፣ ከንፈሩን ይመጥጣል፤ ከዚያ መልሶ ያስቀምጣል። የሚያስቀምጠው ደግሞ ከቦታው አይደለም። በዚህ አገር ዝናብ ይቀራል እንጂ ይህ ሰው ከገበያ አይቀርም።

ሸዋ ሮቢት ገበያ ጫማ ስሸጥ ዘንድሮ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ሌባም፣ ቀማኛም፣ ተቆጣጣሪም ችያለሁ። ያልቻልኩት አንድ ሰው ነው፤ ክቡርነታቸውን፣ የጫማውን ቃዲ፣ የእግር ሁሉ ጠበቃ ጋሽ አሊዪን። አራት ዓመት ሙሉ መርጠዋል። አንድ ጥንድ አልገዙም። እግራቸው ላይ ያለው ራሳቸው ከመኪና ጎማ ቆርጠው የሠሩት በረባሶ ነው፤ እሱን ተጫምተው መጥተው የእኔን የቆዳ ጫማ ሁለት ጣታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ የሞተ አይጥ እንደያዘ ሰው ያዩታል።

ሥራቸው የውሃ አባትነት ነው። ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ከሮቢ ወንዝ የተጠለፈው የመስኖ ውሃ ለየትኛው ማሳ መቼ እንደሚደርስ የሚያከፋፍሉ፣ ገበሬው ራሱ የመረጣቸው ዳኛ ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ቦይ ውስጥ ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ያወልቃሉ፣ ያጠልቃሉ። በዚህ ላይ አምስት ወቅት ሰላት አለ፤ ለሰላቱ ውዱእ፣ በውዱእ ላይ እግር መታጠብ። እኚህ ሰው በቀን ስንት ጊዜ እርጥብ እግር ጫማ ውስጥ እንደሚከቱ አንድ ቀን ልቆጥር ተነሳሁ፤ ሰላሳ ላይ ደክሞኝ ተውኩት።

ታዲያ ክቡርነታቸው ጫማ ሲፈትኑ ማንቆርቆሪያቸውን ይዘው ይመጣሉ። መደቤ ፊት ካለው ድንጋይ ላይ ይቀመጣሉ። ጫማዬን መሬት ላይ ያቆማሉ። እግራቸው ላይ ውሃ ያንቆረቁራሉ። ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ ያጣምሩና «ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም» ይላሉ። ረሒም ላይ ሲደርሱ እግራቸው ውስጥ ካልተገኘ ጫማው ወድቋል። ይግባኝ የለም።

«እርጥብ እግር አይዋሽም» ይላሉ ጫማዬን እያራገፉ። ወይም ደግሞ፣ «ጎንበስ ብለው የሚለምኑት ጫማ፣ ጫማ አይደለም፤ አማት ነው።»

የረጠበውን ጫማ አሁን ማን ይገዛኛል ብዬ ስጮህ፣ ያልረጠበውን የሚገዛሽ ሰው ተታሎ ነው ይሉኛል። አንድ ጊዜ ከአጣዬ የመጣ ሙሽራ ሹል፣ ጥቁር፣ የሚያበራ ጫማ አንስቶ ሊከፍለኝ እጁን ኪሱ ከቶ ነበር። ጋሽ አሊዪ ከድንጋያቸው ላይ ሆነው፣ በሠርግህ ሰሞን ስንት ዘመድ ቤት ትገባለህ ብለው ጠየቁት። ሙሽራው አሰበ። በየደጃፉ ያወልቃል፣ በየደጃፉ ጎንበስ ብሎ ያስራል፣ ሙሽሪትና አጃቢው ቆመው ይጠብቁታል። እጁ ከኪሱ ባዶውን ወጣ። ያን ዕለት ጋሽ አሊዪን በአንካሴ ብወጋቸው የሚፈርድብኝ ዳኛ አልነበረም።

መስጊዱ ከመደቤ ማዶ ነው። ጁምዓ ሲወጣ ቀድመው ደጁ ላይ የሚታዩት እሳቸው ናቸው። ተጫምተው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ ደጃፉ ላይ ተደፍቶ ማሰሪያውን የሚፈልገውን ሕዝብ እንደ ኮማንደር ይጎበኙታል። ወደ እኔ ተሻግረው፣ «አየሻቸው አሰገደች፣ ከዱዓው ቀንሰው ለማሰሪያው ይሰጣሉ» ይሉኛል። ማሰሪያውን የሸጥኩት እኔ ነኝ።

ይህን ያህሉን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ በየሰፈራችሁ አለ። አሁን የማታውቁትን ልንገራችሁ።

ባለፈው ዓመት ለስምንተኛው የአብዮት በዓል የስፖርት ኮሚቴው በአገራችን ታይቶ የማይታወቅ ውድድር አመጣ። ተወዳዳሪው የሮቢን ወንዝ ይዋኛል። ከውሃው ወጥቶ ጫማውን አድርጎ ብስክሌት ላይ ይወጣል። በአስፋልቱ ወደ ጀውሃ ይነዳና ይመለሳል። ከዚያ ብስክሌቱን ጥሎ እስከ ገበያው ሜዳ ይሮጣል። በመሀል ሰዓቱ አይቆምም፤ ጫማ የሚታሰርበትም ጊዜ ከውድድሩ ይቆጠራል። ከሴቶች አንደኛ የወጣችው አዲስ አበባ ሄዳ የስፖርት መምህርነት እንድትሠለጥን ተወሰነ። አንዲት ብቻ።

ሙሀባ የምትባል ልጅ አለች። አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ነጥብ አልመጣላትም፤ በመንግሥት እርሻ ሽንኩርት ታርም ነበር። የአባቷ ማሽላ ከወንዙ ማዶ ስለሆነ ክረምት በመጣ ቁጥር ስትሻገር፣ ዋና የተማረችው ከወንዙ ነው። ሴት ልጅ በሰው ፊት እንዴት ውሃ ትገባለች ያሉ ነበሩ፤ እናቷ ሱሪና ሻሽ አልብሳ፣ የሚያወራ ያውራ ብላ ላከቻት። ልጅቷ ከአረም የምትወጣበት በር ይህ ውድድር ብቻ እንደነበር ከተማው ሁሉ ያውቃል።

የተወዳዳሪውን ጫማ የመረጠው ኮሚቴው ነው። ሰብሳቢው ጓድ ይልማ ነጭ ሸራ ጫማ አየ፤ ቁርጭምጭሚት የሚይዝ፣ በያንዳንዱ ጎኑ ስምንት ቀዳዳ ያለው፣ ማሰሪያው ክንድ የሚያህል። ከክብር ትሪቡኑ ሲታይ ያምራል አለ። በደብዳቤ አዘዘኝ። እኔም ደስ ብሎኝ ሸጥኩ። እውነቱን ልናገር፣ ስለ እግር አላሰብኩም። በዚህ አገር ዘሩን የሚመርጠው የማይዘራው፣ ወንበሩን የሚመርጠው የማይቀመጥበት ነው እያልኩ ስናደድ የምውል ሴት፣ የራሴ መደብ ላይ ሲደረግ ደረሰኝ ቆርጬ ሰጠሁ።

ውድድሩ ሦስት ቀን ሲቀረው ልምምድ ተደረገ። ሙሀባ ከውሃው አንደኛ ወጣች። ብስክሌቱ ላይ የወጣችው ግን መጨረሻ ነው። ጣቷ ደንዝዞ፣ ሸራው ረጥቦ እግሯ ላይ ተጣብቆ፣ ማሰሪያው አብጦ አልገባ ብሎ፣ ሌሎቹ አስፋልቱን ሲይዙ እሷ ገና የቀኝ እግሯን ታስራለች። ጫማውን በእጇ ይዛ ወደ መደቤ መጣች። ማሰሪያ የሌለው ነጭ ይኖርሻል ወይ አለችኝ። አልነበረኝም።

ጋሽ አሊዪ ከድንጋያቸው ላይ ነበሩ። እንደ ወትሮው ይቀልዳሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። አልቀለዱም። ጫማውን ተቀበሏት፣ ውስጡን በጣታቸው ዳበሱት፣ እግሯ ላይ ውሃ አፍስሳ እንድትሞክረው አዘዟት። ቢስሚላህን ሦስት ጊዜ ጨርሰው እግሯ ግማሽ ላይ ቆሞ ነበር። ከዚያ ወስፌና ያረጀ የብስክሌት የውስጥ ጎማ አስመጡኝ። ከጎማው ቀጭን ቀጭን ቁራጭ ሸንትረው በማሰሪያው ፋንታ አስገቡት፤ እግር ሲገባ ይለጠጣል፣ ሲገባለት መልሶ ይይዛል፣ መቋጠር የለም። ተረከዙ ላይ ጣት የምታስገባበት የቆዳ ቀለበት ሰፉበት። ወስፌውን አግለው ሶሉን አራት ቦታ በሱት፤ ውሃው በገባበት እንዳይቀር። እኔም እውቀት ላካፍል ብዬ፣ እግሯ እንዲንሸራተት ዱቄት ብንነሰንስበትስ አልኳቸው። ገንፎ ልናበላት ነው ወይ አሉኝ።

ወስፌው ሲገባ ግን ዙሪያዬን ቃኘሁ። «ጋሽ አሊዪ፣ ይሄ እኮ የመንግሥት ጫማ ነው» አልኳቸው።

ቀና አላሉም። «እግሩስ የማን ነው?»

ሙሀባ ሞከረችው። ረሒም ላይ ሳይደርሱ ሁለቱም እግሯ ውስጥ ነበር።

በዋዜማው ተወዳዳሪው ሁሉ ቀበሌ አዳራሽ ለቁጥጥር ተጠራ። ጓድ ይልማ የሙሀባን ጫማ አነሳ። የክብሪት እንጨት በቀዳዳው አሳልፎ ለአዳራሹ አሳየ። ይህ አሻጥር ነው አለ። ቃሉን ታውቁታላችሁ፤ በዚያ ቃል የሄደ ሰው ሁሉ አልተመለሰም። ልጅቷ ከዝርዝሩ ትሰረዝ አለ፤ የበሳው ማን እንደሆነም ይነገረኝ አለ። ሙሀባ ወለሉን ታያለች። እኔም ወለሉን አየሁ። አዳራሹ በሙሉ ወለሉን ያይ ነበር።

ከኋላ ዱላ ተንቋቋ። ጋሽ አሊዪ ቆሙ።

«እኔ ነኝ።»

«እርስዎ ደግሞ የኮሚቴው አባል ነዎት?»

«አይደለሁም። ጫማ የሚያደርግ ሰው ነኝ። ጓድ ይልማ፣ ይሄ ጫማ የተመረጠው ለሚያየው ነው ወይስ ለሚሮጥበት? ለሚያየው ከሆነ ያልተበሳውን ትሪቡኑ ላይ ስቀሉት፤ ልጅቷ በዚህ ትሩጥ።»

አንድ ሰው ሳቀና በሳል ሸፈነው። ጓድ ይልማ ፊቱ ጠቆረ። ሽማግሌው ይቅርታ ጠይቀው ጫማው በአዲስ ካልተቀየረ፣ ከነገ ጀምሮ ውሃው በእጃቸው እንደማይሆን ተናገረ። አሥራ አንድ ዓመት የያዙት ውሃ ነው። ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁበት፣ ስማቸው የሚጠራበት ውሃ ነው። ጋሽ አሊዪ ዱላቸውን ከግራ ወደ ቀኝ እጃቸው አዛወሩ።

«ውሃው የናንተ ከሆነ ውሰዱት» አሉ። «ቀዳዳውን ግን አልደፍንም።»

ከዚህ በኋላ ተቀምጦ ማየት አልሆነልኝም። የትእዛዙ ደብዳቤ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ተነሳሁና ጮክ ብዬ አነበብኩት። ነጭ ሸራ ጫማ፣ ሃያ አራት ጥንድ ይላል። ማሰሪያ የሚል የለበትም። አይበሳ የሚልም የለበትም። የሙሀባ ጫማ ነጭ ነው፣ ሸራ ነው፣ ፊርማው የሰብሳቢው ነው አልኩ። ጓድ ይልማ፣ አንቺን ጫማ አቅርቢ እንጂ አንብቢ ያለሽ የለም አለኝ።

«ደብተርና እርሳስ ሰጥታችሁ መሃይምነትን አጥፊ ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ» አልኩት። «አጠፋሁት።»

አዳራሹ ማጉረምረም ጀመረ። በበዓል ዋዜማ የሚያጉረመርም አዳራሽ ለሰብሳቢ አይመችም። የሙሀባ ስም ከዝርዝሩ ሳይሰረዝ ቀረ። ጋሽ አሊዪ ግን ለጥያቄ ይፈለጋሉ ተብለው ወደ ቀበሌው እስር ቤት ተወሰዱ፤ ውሃውም በዚያው ዕለት ለሌላ ሰው ተሰጠ።

በማግስቱ ወንዝ ዳር ነበርኩ። ሙሀባ ፈርታ ነው መሰለኝ ከውሃው የወጣችው ሦስተኛ ነው። ቀድመዋት የወጡት ሁለቱ ተደፍተው ከማሰሪያ ጋር ይታገላሉ። እሷ ቆመች። ጣቷን በቀለበቱ አስገብታ ሳብ፣ አንድ፤ ሳብ፣ ሁለት። ከሶሉ ውሃ ፊጭ እያለ ብስክሌቱ ላይ ወጣች። እኔ በየወሩ ማርያምን የምሳለም ሴት፣ ከንፈሬን ቢስሚላህ ሲል ያዝኩት። ገበያው ሜዳ የደረሰችው ሌሎቹ ገና ከድልድዩ ሳይታዩ ነው።

ጋሽ አሊዪ በሦስተኛው ቀን ተፈቱ። ከመደቤ ተነስቼ እየሮጥኩ ሄጄ አንደኛ ወጣች አልኳቸው።

«እሱንስ እዚያው ሆኜ ሰምቻለሁ። ተረከዟ ቆሰለ ወይ?»

አልቆሰለም አልኳቸው። አልሐምዱሊላህ አሉ። ከዚያ ድንጋያቸው ላይ ተቀምጠው፣ ያንን ቡናማውን አቀብይኝ አሉኝ። አቀበልኳቸው። ፈትነው ጣሉት።

ሙሀባ አዲስ አበባ ናት። ጓድ ይልማ ተሹሞ ሌላ ቦታ ተዛውሯል። ውሃው ግን አልተመለሰም። ዘንድሮ ከቦዩ ጭራ ያሉት ማሳዎች ቲማቲማቸው ቆሞ ደረቀ፤ ከቦዩ ራስ ያለው ሰው በሌሊትም በቀንም ያጠጣል፣ የሚጠይቀው የለም። ጋሽ አሊዪ ሥራ ስለፈቱ በገበያ ቀን ብቻ መምጣታቸው ቀርቶ ዕለት ዕለት ይመጣሉ። እሑድም መጥተው ነበር። ጫማዎቼ በሙሉ ረጥበዋል። እንግዲህ ይህን የምጽፈው አዝኜላቸው እንዳይመስላችሁ፤ ከመደቤ እንዲነሱልኝ ነው። ባለፈው ሳምንት አሟቸው ሁለት ቀን ሲቀሩ መንገዱን አሥር ጊዜ ያየሁትም ለዚያው ነው።

የውሃ አባትነታቸው ይመለስ የሚል አቤቱታ ለገበሬ ማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ጽፌያለሁ። በእጄ ነው የጻፍኩት፤ ሳታነቡ አትፈርሙ። ከሮቢ ውሃ የምትጠጡና የምታጠጡ ሁሉ እባካችሁ መደቤ ድረስ ኑና ፈርሙልኝ። መጻፍ የማትችሉ አውራ ጣታችሁን ይዛችሁ ኑ፤ ቀለሙን እኔ እችላለሁ።