ከወይዘሪት ቀጥታ ስርጭት ጋር አንድ ክፍል

ውሃ ይጠፋል፣ መብራት ይጠፋል፤ ውሎ አዳሯን ለዓለም ካላሳወቀች እንቅልፍ የማይወስዳት ተማሪ ግን ከየትኛውም የተማሪዎች ማደሪያ አትጠፋም። የሦስተኛው ፎቅ ልጆችም የራሳቸው አለቻቸው። ክብርት ወይዘሪት ቀጥታ ስርጭት ይሏታል፤ እሷም ማዕረጉን በደስታ ተቀብላለች።

ክብርት ወይዘሪት ጥርሷን የተነቀለች ዕለት ጥርሱን ጥጥ ላይ አስቀምጣ አሳይታለች። የተማሪነት መታወቂያዋን ከነቁጥሩ ለጥፋዋለች። ሂሳብ ስትወድቅ የፈተናውን ወረቀት ከፍ አድርጋ "ቤተሰብ፣ ከናንተ የምደብቀው የለኝም" ብላለች። ቤተሰብ የምትለው መልካቸውን አይታ የማታውቃቸውን ተከታዮቿን ነው። አንድ ጊዜ ደግሞ ለእረፍት ሲወጡ ክፍሉ ባዶ መሆኑንና ቁልፉ ከበሩ አናት ላይ መቀመጡን አወጀች። ሲመለሱ ብርድ ልብሶቹ የሉም። ታዲያ ወይዘሪት ከማልቀሷ በፊት ራቁቱን የቀረውን አልጋ ቀረጸችው።

አብራት የምታድረው ልጅ፣ ብርድ ልብሷን አብራ ያጣችው፣ የሷ ተቃራኒ ነበረች። ገጿ ላይ ፎቶ የለም፤ ስሟም ግማሹ ብቻ ነው። ሆድ ከአገር ይሰፋል እንዲሉ፣ ሆዷ ውስጥ አንድ ነገር ይዛ ትኖር ነበር፤ የሚጥል በሽታ አለባት። ሁለተኛ ደረጃ ስትማር ክፍል ውስጥ ጥሏት አንዱ ቀረጻት። ቪዲዮው ከስልክ ወደ ስልክ ዞረ፤ የማታውቃቸው ልጆች ሳይቀሩ መንገድ ላይ እየተንዘፈዘፉ ያስመስሉባት ጀመር። ትምህርት ቤት ለወጠች። ይህን ኮሌጅ የመረጠችውም ከዚያ ሰፈር ማንም ስለማይመጣበት ነው። መድኃኒቷን እንኳ የምትውጠው መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ በሩን ቆልፋ ነው።

አንድ ጠዋት ግን መድኃኒቱም አላዳናት። ስትነቃ ወለሉ ላይ ናት። መደርደሪያው ተገንድሷል፣ ብርጭቆዎቹ ተከስክሰዋል፣ ጭንቅላቷ ሥር ትራስ አለ። ከበሩ ውጭ የፎቁ ልጆች ምን ተሰበረ፣ ማን ጮኸ እያሉ ያንኳኳሉ። ወይዘሪት ቀጥታ ስርጭት በሩን በጀርባዋ ደግፋ ቆማለች። ስልኳ በእጇ ነው።

የልጅቷ ዓይን ስልኩ ላይ ተተከለ። ቀርጸሽኛል ወይ ብላ ልትጠይቅ ፈልጋ አፏ አልታዘዝ አላት። ጥቂት አረፍ ብላ፣ ፊቷን ታጥባ ወደ ትምህርቷ ሄደች።

መምህሩ ሲያስተምር እሷ የምታነበው የሰዉን ፊት ነበር። ከፊቷ ሁለት ልጆች ስልክ ላይ አጎንብሰው ሲስቁ ምድር ተከፍታ ብትውጣት ወደደች። አሁን ደግሞ የት ኮሌጅ ልትሄድ ነው? ለእናቷስ ምን ልትል ነው? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል፤ ከስልክ የወጣውንማ ማን ይመልሰዋል። በእረፍት ሰዓት ደረጃው ሥር ተደብቃ የወይዘሪትን ገጽ ከፈተች። አዲስ ቪዲዮ ተለጥፏል። ነካችው።

የተሰበረው መደርደሪያ ታየ፤ ቀጥሎ የወይዘሪት ፊት።

"ቤተሰብ፣ ዛሬ ሦስተኛ ፎቅን ያስደነገጥኩት እኔ ነኝ። አልጋ ላይ ወጥቼ ስጨፍር ከነመደርደሪያው ወረድኩ። ሳቁብኝ፣ ይገባኛል።"

ቤተሰብም አልማራትም። አንዱ ዝሆን ይላታል፣ ሌላው አልጋውን አይዞህ ይለዋል። ከፊቷ የነበሩት ልጆች የሳቁትም በዚሁ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ክፍላቸው ስትገባ ወይዘሪት ስብርባሪውን እየጠረገች ነበር።

"ለምንድነው በራስሽ ላይ የዋሸሽው?" አለቻት።

"ስለ ራሴ የፈለግኩትን አወራለሁ፣ ልማዴ ነው" አለች ቀና ሳትል። "ያንቺን ማን ሰጠኝና ነው የማወራው?" ከዚያ መጥረጊያውን አቆመች፤ ድምፅዋም ተለወጠ። "ፈርቼ ነበር እኮ። ስልኬን ያነሳሁት ሰው ልጠራ ነበር፤ ማንን እንደምጠራልሽ ግን አላወቅኩም። ትራሱን ማድረጌ ልክ ነው?"

ልጅቷ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። ልክ ነው አለቻት። ሌላ ጊዜ በጎኗ እንድታስተኛት፣ አፏ ውስጥ ምንም እንዳታስገባ፣ ሕመሙ ቶሎ ካልተዋት ሐኪም እንድትጠራ ነገረቻት። ይህን ለጓደኛ ስትናገር የመጀመሪያዋ ነው። አንዴ ከጀመረች ማቆም አቃታትና ስለ መድኃኒቱም፣ ስለዚያ ቪዲዮም ነገረቻት። ወሬ የማያልቅባት ወይዘሪት ቀጥታ ስርጭት አንዴም አላቋረጠቻትም።

ስትጨርስ ወይዘሪት የእናቷን ስልክ ቁጥር እንድትሰጣት ለመነቻት። ልጅቷም ለማንም ሰጥታው የማታውቀውን ቁጥር አንድ በአንድ እየነገረች አስጻፈቻት።