ትሪየርን ያየ ጎረቤት

ጀርመን ደርሶ የመጣ ጎረቤት የሌላችሁ ምንኛ ታድላችኋል! እኛ መርሳ ከተማ ላይ ጀማል አለልን። ለሥልጠና ሄዶ ትሪየር የምትባል ጥንታዊ ከተማ ሁለት ሳምንት ሰነበተ፤ ይኸው እስከ ዛሬ ከዚያ አልወጣም። ባጃጅ ስንጠብቅ ስለ ሮማውያን መታጠቢያ ነው፤ ሰርግ ስንበላ ስለ መካከለኛው ዘመን ካቴድራል። እንዲህ ያለውን ሰው ምን ይሉታል?

ባለፈው ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ስልኩን አወጣና የሮማውያንን ጥቁር የድንጋይ በር ለሼህ እንድሪስ አሳያቸው።

«እዚህ የተቀበሩት ወልይ ማን ናቸው?» አሉት፣ የቅዱስ ሰው መቃብር መስሏቸው።

«ማንም የለም፣ አባባ። በር ብቻ ነው። ሁለት ሺህ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው!»

«ሰው የሌለበትን በር ልትዘይር ባሕር ተሻገርክ? እዚሁ ቅርብ፣ ግራና ያለችውን አክስትህንስ ጠይቀሃታል? በሩ ይቆይሃል፤ እሷ ግን አርጅታለች።»

ጀማል ስልኩን ኪሱ ከተተ። በማግስቱ ግራና ሄደ። እኔም እሰይ፣ ሰው ሆነ አልኩ።

ሲመለስ ፎቶ አሳየኝ። የአክስቱ አሮጌ የእንጨት በር ይታያል፤ ከፊቱ ጀማል ደረቱን ነፍቶ ቆሟል።

«አክስትህስ የታሉ?»

«ያነሱኝ እሳቸው አይደሉ እንዴ? እጃቸው እየተንቀጠቀጠ እግሬን ቆረጡት እንጂ!»