የውሰት ምራቅ

(ላስ ቬጋስ አጠገብ፣ ግሪን ቫሊ፣ አንድ ክሊኒክ ፓርኪንግ ውስጥ፣ ከቀትር በኋላ። ፀሐዩ የመኪናውን ጣሪያ ሊያቀልጠው ምንም አልቀረው። መሪው ላይ የተቀመጠው ነስሩ ነው፤ የሆቴል እንግዳ የሚያመላልስ ሻትል ሹፌር፣ የማላውቀው የለም ባይ። አጠገቡ ያለው የሚስቱ የፈዲላ ወንድም ቡርሃን ነው፤ የሆቴል አንሶላ ሲያጥብ የሚውል፣ ነገር ቀስ ብሎ የሚገባው ሰው ነው ይባላል። ይህን የሚለው ያው ነስሩ ነው። ቡርሃን ግን በዚህ ተከራክሮ አያውቅም፤ የሚጮህ ማሽን እስኪጨርስ መጠበቅን ከሥራው ተምሮታል። ፈዲላ ውስጥ ገብታለች። ሁለቱ በሱሪ ቀበቶ ተጣልተዋል።)

ነስሩ፦ ቀበቶው ነው የጠበበው አልኩህ!

ቡርሃን፦ ቀበቶ እንዴት ይጠባል?

ነስሩ፦ በሙቀት። ቬጋስ እኮ ነው። ቆዳ ይኮማተራል፤ ሳይንስ ነው።

ቡርሃን፦ ሱሪውስ?

ነስሩ፦ ሱሪውም።

ቡርሃን፦ መሪው ሆድህ ድረስ የመጣውም በሙቀት ነው?

ነስሩ፦ (ወንበሩን ወደ ኋላ እየገፋ) አንተ ሰውዬ፣ የማታውቀውን አትጠይቅ።

ቡርሃን፦ የማውቀውንማ ምን ብዬ እጠይቃለሁ? ይልቅ ቅድም ሁለት ሳንቡሳ በልተህ ነው የተነፋኸው። ዶክተሯ ስንዴ ልጅህን ኢናስን ይነፋታል፣ ያስቀምጣታል አላለችም?

ነስሩ፦ ልጄ ሲሊያክ ነው ያለባት። ስንዴ ሲገባ ሰውነቷ የራሱን አንጀት ይወጋል። እኔን ምን አገባኝ? ሳንቡሳ ከአምስት ዓመቴ ጀምሮ ስበላ ነው የኖርኩት።

ቡርሃን፦ ሆድህንም ከአምስት ዓመትህ ጀምሮ ነው የሚያምህ።

ነስሩ፦ እሱ ጨጓራ ነው።

ቡርሃን፦ ዶክተሯ በሽታው በቤተሰብ ይሄዳል አለች። እናትም፣ አባትም ዘረመላቸው ይታይ አለች።

ነስሩ፦ በቤተሰብ ከሄደ በእናንተ ቤተሰብ ይሂድ! በእኛ በኩል እስከ ሰባት ቤት ብትቆጥር ዳቦ የጎዳው ሰው አታገኝም። ነስሩ ሰይድ፣ ሰይድ ይማም፣ ይማም አሊ...

ቡርሃን፦ አባትህ ሸህ ሰይድ ዳቦ የበሉ ቀን ሦስት ቀን ይተኙ አልነበር?

ነስሩ፦ ምች ነው።

ቡርሃን፦ አክስትህስ፣ ከስተው ከስተው አጥንት ብቻ የቀሩት?

ነስሩ፦ ቡዳ በልቷት ነው።

ቡርሃን፦ ወንድምህስ?

ነስሩ፦ ኮሶ።

ቡርሃን፦ አያትህ ይማምስ?

ነስሩ፦ እሳቸውማ የአላህ ወዳጅ ነበሩ። ምግብ የተዉት በፈቃዳቸው ነው።

ቡርሃን፦ (በጣቱ እየቆጠረ) ምች፣ ቡዳ፣ ኮሶ፣ ወልይነት። ዳቦ ብቻ በነጻ ተለቀቀ።

ነስሩ፦ ደግሞ እኔ ስንዴ መች አበዛለሁ? ጠዋት የምጠጣው በሶ ነው።

ቡርሃን፦ በሶ ገብስ ነው። ገብስም ተከልክሏል። ፍሪጁ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ።

ነስሩ፦ ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው። በሶን የት ያውቀዋል?

ቡርሃን፦ እንዲህ እርግጠኛ ከሆንክ ታዲያ፣ ለዘረመል ምርመራ የተላከልህ ብልቃጥ ውስጥ እኔን ለምን አስተፋኸኝ?

(ነስሩ ከመቀመጫው ሊዘል ምንም አልቀረው። ያቺን የፕላስቲክ ብልቃጥ ሲያስታውስ ድምፁ ይቀንሳል።)

ነስሩ፦ ቀስ በል እንጂ! ሰው ይሰማል።

ቡርሃን፦ እዚህ አማርኛ የሚሰማ ማን አለ?

ነስሩ፦ ቬጋስ ውስጥ? ከዚህ ፓርኪንግ ግማሹ! ስማ፣ ረመዳን ነበር። አፌ ደርቆ ነበር።

ቡርሃን፦ እኔስ ጾሜን አልነበርኩም?

ነስሩ፦ ያንተ ምራቅ ይበዛል። ስታወራ አይቼሃለሁ።

ቡርሃን፦ እውነቱን ንገረኝ፣ አማቼ።

ነስሩ፦ (መሪውን እየዳበሰ) በመጀመሪያው ኢፍጣር፣ ያ ሁሉ ሰው በተሰበሰበበት፣ "ይሄ ጣጣ የመጣው ከፈዲላ ቤት ነው" ብዬ ተናግሬያለሁ። ከእኔ ቢገኝስ? በምን አፌ ሰው ፊት እቀርባለሁ? አንተ ደግሞ ሚስማር ብትበላ የምትፈጭ ሰው ነህ። የጤነኛ ሰው ምራቅ ይሂድ ብዬ ነው።

ቡርሃን፦ ገባኝ። ግን እኔ እኮ የፈዲላ ወንድም ነኝ።

ነስሩ፦ ታዲያስ?

ቡርሃን፦ የተበላሸው የእኛ ዘር ነው ካልክ፣ ለንጹሕነትህ ምስክር የኛን ምራቅ ለምን ላክህ?

ነስሩ፦ አታምታታኝ።

(የቡርሃን ስልክ ይጮኻል። ያነባል። ቸኩሎ አያውቅም፤ ዛሬም አልቸኮለም።)

ቡርሃን፦ ፈዲላ ናት። "ሰኞ የወጣውን ውጤቴን ዶክተሯ አሁን ነገረችኝ። የበሽታው ዘር የለብኝም" ትላለች።

ነስሩ፦ ስህተት ነው። ላቦራቶሪ ይሳሳታል።

ቡርሃን፦ "የነስሩም ወጥቷል። እሱም የለበትም።"

ነስሩ፦ አላልኩህም! ላቦራቶሪ መች ይሳሳታል! ይኸው፣ የሰይድ ልጅ! ዛሬ ማታ ለሰው ሁሉ ደውዬ ነው የማድረው!

ቡርሃን፦ እንኳን ደስ አለህ። ቆይ ግን፣ እኔ ቀስ ብሎ ነው የሚገባኝ። ልጅ ዘሩን የሚወርሰው ከማን ነው?

ነስሩ፦ ከእናቱ ወይ ከአባቱ። ስንቴ ላስረዳህ?

ቡርሃን፦ ኢናስ ዘሩ አለባት?

ነስሩ፦ አለባት።

ቡርሃን፦ እናቷ አለባት?

ነስሩ፦ የለባትም።

ቡርሃን፦ አባቷስ?

ነስሩ፦ የለበት...

(የነስሩ ፊት መጀመሪያ ይገረጣል፣ ከዚያ ይቀላል። በሩን በርግዶ አንድ እግሩን ያወጣል።)

ነስሩ፦ አሥራ አንድ ዓመት! ፈዲላ! እኔን!

ቡርሃን፦ ወዴት ነው?

ነስሩ፦ ማን እንደሆነ ትነግረኛለች! ያ ፎቅ ላይ የሚኖረው የካዚኖ ዲለር፣ ያ ካርታ አዳይ ነው፤ ድሮም ሰላምታ ያበዛ ነበር!

ቡርሃን፦ ነስሩ።

ነስሩ፦ አፍንጫዋ የኔን አይመስልም ስል "ያድጋል" አላችሁኝ!

ቡርሃን፦ ነስሩ። ምራቁ የኔ ነው።

(ነስሩ አንድ እግሩ አስፋልት ላይ፣ አንዱ መኪናው ውስጥ እንዳለ ይቆማል። የገዛ ተንኮሉን ረስቶት ኖሯል።)

ነስሩ፦ ...አልሐምዱሊላህ! አልሐምዱሊላህ! ልጅቷ የኔ ናት!

ቡርሃን፦ አዎ። ዘሩም።

(ስልኩ እንደገና ይጮኻል።)

ቡርሃን፦ "ዶክተሯ ግራ ገብቷት፣ የልጅቷ አባት ሌላ ሰው ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ምን ልበላት?" ትላለች።

ነስሩ፦ ያረቢ! ገብተህ አንተ ንገራት። በስህተት ተፋሁ በላት።

ቡርሃን፦ ሰው በስህተት ብልቃጥ ሙሉ ይተፋል?

ነስሩ፦ አንተ ብትለው ያምኑሃል!

ቡርሃን፦ እኔ የምለው ሌላ ነገር ነው። ባለፈው ቅዳሜ፣ የዚያች የጓደኛዋ ልደት ቀን፣ ኢናስን ያደረስኳት እኔ ነኝ። ልጆቹ ኬክ ሲሻሙ እሷ ጥግ ይዛ ሙዝ ትልጣለች። ጠጋ ብል "አጎቴ፣ በኛ ቤት ብሮክን የሆንኩ፣ የተበላሸሁ፣ እኔ ብቻ ነኝ?" አለችኝ። ምን ልበላት? አባትሽም እንዳንቺ ነው፣ ግን ደብቆታል ልበላት?

(ነስሩ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ይቀመጣል። ዓይኑን በእጁ ይጠርጋል፤ ላብ ነው እንዳይል የመኪናው ማቀዝቀዣ ፊቱ ላይ ይነፍሳል።)

ነስሩ፦ እንዲህ አለችህ?

ቡርሃን፦ እንዲህ አለችኝ።

ነስሩ፦ ፈርቼ ነው፣ ቡርሃን። ልጄን ያሳመምኩ እኔ መሆኔን ነው የፈራሁት። ሌላው ወሬ ነው።

ቡርሃን፦ ዘር ተመርጦ አይሰጥም፤ ማን ይወቅስሃል? ደግሞም ዘሩ ስላለብህ ብቻ በሽታው አለብህ ማለት አይደለም። እሱን ደም ነው የሚናገረው።

ነስሩ፦ (ወርዶ በሩን ይዘጋል) በቃ። ገብቼ "ምራቁ የኔ አይደለም" እላለሁ። ፈዲላ በኔ ቅሌት አትታማም። ደሜንም ይቅዱ። ከተገኘብኝ ከልጄ ጋር ሙዝ እልጣለሁ!

ቡርሃን፦ (ስልኩ ላይ እየጻፈ) ጎሽ።

ነስሩ፦ ምን ብለህ ነው የጻፍክላት?

ቡርሃን፦ "አመነልሽ፤ መርፌው ይቅረብ።"

ነስሩ፦ ምን?

ቡርሃን፦ የፈዲላ ውጤት እውነት ነው። ያንተ ግን የለም። ባስተፋኸኝ ዕለት ነው ሄጄ የነገርኳት፤ ብልቃጡንም ሳይላክ ቆሻሻ ውስጥ ጣለችው። ዶክተሯም ምንም አልጠየቀቻትም።

ነስሩ፦ ሁለታችሁ... ታዲያ የዛሬው ቀጠሮ የማን ነው?

ቡርሃን፦ ሁሉን የምታውቅ አንተ ነህ፤ ገምት።

ነስሩ፦ እኔ እኮ ሺፍት የቀየርኩት ፈዲላን ላድርስ ብዬ ነው!

ቡርሃን፦ እኛማ ይሄን ሰው ወደ ሐኪም እንዴት አድርገን እናምጣው ብለን ሦስት ሳምንት ተጨነቅን። ለካ ጭንቀቱ ለከንቱ ነው፤ ራስህን በራስህ መኪና ጭነህ፣ ፓርክ አድርገህ፣ አሥር ደቂቃ ቀድመህ አደረስከው።